በጎማችን ዱካ ተመለስን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር ነው። ተጀምሮ ያለቀው በአንድ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እስካሁን ራሴ ጽፌው አላውቅም። ሌሎች ግን ሲያወሩት ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ "ያቺ ብስክሌት ነጂ እግሯ ተቆረጠ አሉ" ስትላት፣ እግሬን ሰብስቤ አዳመጥኳት። እግሬ አለ፤ ሁለቱም። እንዴት እንደተረፈ ልንገራችሁ። ሊጠፋ የነበረውም በማንም ሳይሆን በእኔ ጥፋት ስለነበር እሱንም አልደብቅም።

ሰዓዳ እባላለሁ። የተወለድኩት ኮምቦልቻ ነው። አባቴ መቀሌ ገበያ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍቶ ሲያመጣን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲመጣ ወሎ ያሉት ዘመዶቻችን ለምን አትወጡም አሉን፤ እዚህም ለምን አልወጣችሁም ብለው የጠየቁን አልጠፉም። አባቴ ለሁለቱም የመለሰው አንድ ነው፦ ሱቄ እዚህ ነው፣ ጎረቤቴም እዚህ ነው። ከዚያ በላይ አላብራራም። እኔም የወረስኩት ይህንኑ ጠባይ ይመስለኛል። "አትችይም" የሚል ቃል ከሰማሁ ደሜ ይፈላል።

ሙያዬ የመንገድ ንድፍ ነው። ሓወልቲ አካባቢ በአንዲት ትንሽ ቢሮ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ፣ ከሰማይ በተነሣ የምድር ፎቶ ላይ መንገድ እሥል ነበር። ብስክሌት የጀመርኩት ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ቢሮ ለመድረስ፣ በኋላ ደግሞ ከከተማ ለመውጣት። መቀሌ ውስጥ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ማየት ብርቅ አይደለም፤ እናቴ ግን አሁንም የኮምቦልቻ ሰው ናት። እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ሸሚዝ ከሱሪዬ በላይ ብለብስም፣ ሻሼን ከሄልሜቱ ሥር አጥብቄ ባስርም፣ በየእሁዱ ጠዋት በር ላይ መጨቃጨቃችን አልቀረም። እሷ ትናገራለች፤ እኔ ጎማዬን እየነፋሁ እሰማታለሁ፤ ከዚያ እወጣለሁ።

የምወጣው ከኣያ ተክላይ ጋር ነው። ኣያ እዚህ አገር ለታላቅ ወንድም የሚባል ነው። ዕድሜው ከአባቴ ብዙም አያንስም፤ ግን አንቱ ስለው "አንቱ ስትይኝ እግሬ ይከብዳል" ብሎ ስለተቆጣኝ አንተ እለዋለሁ። በወጣትነቱ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። አሁን ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ ብስክሌት ይጠግናል። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ አጠገብ በወደቀ ነገር የግራ ጆሮው ጠፍቷል፤ ቀኙም ነፋስ ካለ እምብዛም አይሰማም። የእኔን ብስክሌት ከሦስት አሮጌ ብስክሌቶች አውጥቶ የሠራልኝ እሱ ነው። ለፒስታ መንገድ እንዲሆን ሰፋ ያለ ጎማ አስገባበት። አስፋልት ላይ ይከብዳል፤ ጠጠር ላይ ግን ይበርራል።

በዚያ ዓመት ክፍሎም የሚባል ሰው ቢሮአችን መጣ። አዲስ የጉዞ ድርጅት ከፍቷል። ፈረንጆች አሁን አስፋልቱን ትተው፣ በተራራ መሀል በጠጠር መንገድ ለቀናት በብስክሌት መጓዝ እንደሚወዱ ነገረን። ስምንት ሰዎች በጥቅምት መጨረሻ ሊመጡለት ነበር። ከመቀሌ ተነሥቶ በአምባዎቹ ዞሮ መቀሌ የሚመለስ የአምስት ቀን መስመር ፈለገ። ካርታ መሣልም ብስክሌት መንዳትም የምትችል ሰው ከእኔ በቀር አላገኘም። ሥራው የእኔ ሆነ።

ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። ከሁሉ የኮራሁበት የሦስተኛውን ቀን ነበር። ማይ ዛግራ ከምትባል መንደር በኋላ መንገዱ በሸለቆው ሥር ረጅም ዙር ይዞራል። እኔ ግን ፎቶው ላይ በአምባው አናት አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ መስመር አገኘሁ። ቤት የለበትም፣ ገደል የለበትም፣ ግማሽ ቀን ያተርፋል፣ ከላይ ደግሞ አገሩ በሙሉ ይታያል። ፎቶው መቼ እንደተነሣ ግን አላየሁም። ከጦርነቱ በፊት የተነሣ ነበር።

እንግዶቹ ሊመጡ ዐሥር ቀን ሲቀረው ያን ክፍል ለመሞከር ከኣያ ተክላይ ጋር ወጣን። በዋዜማው አንድ ዘመዱ ቤት አድረን፣ ጠዋት በመንደሯ በኩል አለፍን። ጅረት ተሻገርን፤ ጎማችን ጭቃ ያዘ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ ከወፍጮ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች አህዮቻቸውን ይዘው መጡ። ሰላም ተባባልን። አንደኛዋ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን። ወደ ላይ ጠቆምኩ።

"እቲ ላዕላይ ኣይኽየድን እዩ" አለች። የላይኛው አይኬድበትም ማለቷ ነው።

አይኬድበትም። ይህን ቃል እኔ የሰማሁት እንደለመደብኝ ነው። አቀበቱ ከባድ ነው፣ አንቺ አትችይውም ያለችኝ መሰለኝ። ፈገግ ብዬ እንደምንሞክረው ነገርኳት። ሴቶቹ ተያዩ፤ አህዮቹ አልቆም ብለው ቀድመዋቸው ስለነበር ተከትለዋቸው ወረዱ። ኣያ ተክላይ "ምን አለችሽ?" አለኝ። ነፋስ ነበር፤ አልሰማትም። መንገዱ ከባድ ነው እንዳለች ነገርኩት። ትንሽ አሰበ። የታችኛውን ለምን አንሞክርም አለኝ። ስልኬን አውጥቼ መስመሩን አሳየሁትና "እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እኔ ነኝ የሣልኩት" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ተከተለኝ።

አቀበቱን ጨርሰን አናቱ ላይ ስንደርስ መንገዱን አቋርጦ የተደረደረ የድንጋይ ካብ አገኘን። ከጉልበት በታች ነው። ትግራይ ውስጥ አፈር እንዳይታጠብ የማይካብበት ተዳፋት ስለሌለ፣ እርከን ነው ብዬ ብስክሌቴን አንሥቼ ተሻገርኩት። ቀድሜ የተሻገርኩት እኔ ነኝ። ይህን መጻፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

አናቱ ሜዳ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀይ አፈርና ጠጠር ነበረው። ከዚያ አንድ ሰፊ ገላጣ ነጭ አለት ላይ ወጣን፤ ከእሱ ስንወርድ ሣር ገጠመን። ሣሩ እስከ ፔዳላችን ይደርስ ነበር። በሥሩ የአሮጌው መንገድ ቅርጽ ይታያል። ኣያ ተክላይ ቀደመኝ፤ አንዳንዴ እንዲህ የድሮ ጉልበቱ ሲመጣበት ይቀድመኛል። በጎኔ ሲያልፍ "ይህን የመሰለ ሣር ከብት ሳይበላው የት አገር ይቀራል?" አለኝ። ሳቅሁ። በእውነት ሳቅሁ። በዚህ አገር እያንዳንዷ ቅጠል ባለቤት እንዳላት የማላውቅ ይመስል።

ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። ከኋላችን፣ ከካቡ በኩል፣ የሴት ድምፅ ነው።

"ደው በሉ! ደው በሉ!"

ቁሙ ነው የምትለው። ፍሬን ያዝኩና ዞርኩ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ሁለት እጃቸው ላይ ዘርግተው ያወዛውዛሉ። ቀጥለው የጮኹትን አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፤ ፈንጂ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር እያንዳንዷን ደቂቃ አስታውሳለሁ። ወዲያው ትዝ ያለኝ ኣያ ተክላይ እንደማይሰማ ነው። ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀድሞኝ እየነዳ ነበር። ስሙን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። ነፋሱ ከፊታችን ስለሚመጣ ድምፄን ወደ እኔው ይመልሰዋል። ድንጋይ አንሥቼ ወደ እሱ ልወረውር እጄን ዘረጋሁ፤ ድንጋዩ የሚወድቅበት ቦታ ትዝ ሲለኝ እጄ አየር ላይ ቀረ። ሮጬ ልደርስበት አልችልም። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለት እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ቆምኩ።

የድሮ ተወዳዳሪዎች ልማድ አላቸው፤ ከኋላ ማን እንዳለ ለማየት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በብብታቸው ሥር ያያሉ። ኣያ ተክላይ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያደርጋል። ስንት ጊዜ አስቆኛል። ያን ጊዜ ግን መቼ ዝቅ እንደሚል እየቆጠርኩ ቆምኩ። ሃያ ሁለት ላይ ዝቅ አለ። አየኝ። ፍሬን ያዘና ቀኝ እግሩን ከመንገዱ ውጭ ሣሩ ላይ አሳረፈ።

ምንም አልሆነም። እግሩ ሣሩ ላይ ነው፤ ምንም አልሆነም። በእጄ ምልክት እንዳይንቀሳቀስ ነገርኩት፤ ጣቴን ወደ መሬት ጠቁሜ፣ በሁለት እጄ መፈንዳትን አሳየሁት። ፊቱ ሲለወጥ ከሩቅ ታየኝ። እግሩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አንሥቶ ከኋላ ጎማው ጀርባ ዱካው ላይ አሳረፈው። ከዚያ ወርዶ ብስክሌቱን ከፊቱ ይዞ፣ ጎማው ባለፈበት መስመር ላይ ቆመ።

አሮጊቷ ካቡ ላይ ተቀመጡ። ስማቸው ኣደይ ለተኪዳን መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ኣደይ እናቴ እንደ ማለት ነው። ነፋሱ ጋብ ባለ ቁጥር እየጮኹ፣ ጋብ እስኪል እየጠበቁ ነገሩኝ። ውጊያው እዚህ አናት ላይ ነበር። የተቀበረም አለ፣ ሳይፈነዳ የቀረም አለ። በመጣንበት ጎማ ካልተመለስን ሌላ መውጫ የለም። ሰው መጥቶ እንዲያወጣን መጠበቅ እንችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የሚያመክኑት ሰዎች ከተማ ናቸው፣ አስፋልት ድረስ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል አሉኝ። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ከምሥራቅ በኩል ደግሞ ደመና እየተነሣ ነበር። ዝናብ ከመጣ ዱካው ይታጠባል።

ኣያ ተክላይ ቀስ ብሎ ብስክሌቱን እዚያው ዱካው ላይ አስተኛውና የራሱን ጎማ መስመር እየረገጠ ወደ እኔ መጣ። ድምፁ ሊሰማኝ የሚችልበት ርቀት ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ሰዓዳ ጓለይ፣ ልጄ፣ ስሚኝ" አለኝ። "አንቺ ለመውጫው ትቀርቢያለሽ፤ ስለዚህ የምትመሪን አንቺ ነሽ። ብስክሌቱን እዚያው አስተኚው። ተሸክመሽው ከተንገዳገድሽ እግርሽ የሚያርፍበትን አትመርጪም። እኔ ሃያ እርምጃ ርቄ እከተላለሁ።"

"አብረን እንሂድ" ብዬ ጮኽኩ።

"አብረን ከሄድን አብረን ነው የምንቀረው። ርቀት ጠብቂ።"

ልከራከረው ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል መከራከር ፈልጌ አላውቅም። ፊቱን ሳየው ግን ተውኩት። ብስክሌቴን አስተኛሁ። የመጀመሪያዋን እርምጃ ለማንሣት ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ኣደይ ለተኪዳን ከወዲያ "በሊ ጓለይ፣ በሊ" ሲሉ ሰማሁ፤ በይ ልጄ፣ በይ ማለታቸው ነው።

ዱካው ሁለት ጣት ወርድ አለው። ሣሩ ላይ የተጋደመ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ግን እያየሁት ሣሩ ቀና እያለ ነበር። ነፋሱ ጋብ ሲል ይህን ለኣያ ተክላይ ጮኬ ነገርኩት። አትፍጠኚ አለኝ። አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠምኩ ሄድኩ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስልኬን በእጄ ይዤ ነበር። የመጣንበት መስመር ተቀርጾበታል፤ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ያ ሰማያዊ መስመር እኔ ከቆምኩበት ዱካ ግራ በአራት እርምጃ ርቆ ሲያልፍ አየሁ። ስልክ የቆምንበትን ቦታ በጥቂት ሜትር እንደሚስት በሙያዬ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ለደንበኞች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

ከማልፍበት ሣር መሀል፣ ከዱካው አንድ ስንዝር ተኩል ላይ፣ አንድ ነገር አየሁ። ዝጎ ቡናማ ሆኗል፤ ጅራቱ እንደ ዓሣ ክንፍ ተከፍሏል። ያልፈነዳ ሞርታር ነው። ሁለታችንም ጠዋት በጎኑ እየሳቅን አልፈናል። ባለሁበት ቆምኩ። መቀመጥ አልችልም፤ የምቀመጥበት ቦታ የለም። ለኣያ ተክላይ ወደ ቀኝ በጣቴ ጠቁሜ አሳየሁት። አየሁት አለኝ። ከዚያ ስለ ድሮ ውድድር የሚመስል ነገር ማውራት ጀመረ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ስለተበጠሰበት ቀን። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ድምፁን ብቻ ይዤ ሄድኩ።

አለቱ ላይ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶብን ነበር። ገላጣ አለት ውስጥ የሚቀበር ነገር ስለሌለ እዚያ ላይ መቀመጥ ቻልን። ኣያ ተክላይ ውሃ ሰጠኝ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ችግሩ ከአለቱ በኋላ ያለው ነበር። አለት ዱካ አይዝም። ጠዋት በየት በኩል እንደወጣንበት ሁለታችንም እርግጠኛ አልነበርንም። እኔ በትልቁ ቁጥቋጦ በኩል ነው አልኩ፤ እሱ ከዚያ በጣም ወደ ግራ ነው አለ። በሁለቱ መሀል ሠላሳ እርምጃ ያህል አለ።

እዚያ ላይ ነው ከራሴ ጋር የተጣላሁት። የለመደብኝ ነገር "እርግጠኛ ነኝ" ብሎ መነሣት ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። መልሼ ዋጥኩት። ኣያ ተክላይን "ምን ልፈልግ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ጭቃ" አለኝ። "ጅረት ተሻግረን ነው የመጣነው። ጎማ አለት ላይ ሲወጣ ጠርዙ ላይ ይጠርጋል።"

በሆዴ ተኝቼ የአለቱን ጠርዝ መዳበስ ጀመርኩ። ደመናው ፀሐዩን ስለሸፈነው ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይመስላል። በቁጥቋጦው በኩል ምንም የለም። እኔ እርግጠኛ በነበርኩበት በኩል ማለቴ ነው። ወደ ግራ እየተሳብኩ ቀጠልኩ። ኣደይ ለተኪዳን ተነሥተው ቆመው ያዩናል። አንዲት ጠብታ ዝናብ እጄ ላይ ወደቀች። ሌላ ጠብታ አንገቴ ላይ። ከዚያ አገኘሁት፤ አውራ ጣቴን የምታክል ደረቅ ጭቃ፣ በላይዋ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ታትመውባታል። የእኔ ጎማ ጥርስ ነው። ኣያ ተክላይ ያስገባልኝ ጎማ። ከጠርዙ በታች ቀዩ አፈር ላይ መስመሩ ይቀጥላል።

የቀረውን የሄድነው ዝናቡ ሲጀምር ነው። እየጠነከረ መጣ። አፈሩ ላይ ያለው መስመር ጠብታ ባረፈበት ቁጥር እየተበሳሳ ነበር። ኣያ ተክላይ ርቀቱን ቀነሰ። የመጨረሻዎቹን ዐሥር እርምጃዎች ዱካውን እያየሁ ሳይሆን ኣደይ ለተኪዳን በጣታቸው እያሳዩኝ ነው የጨረስኳቸው። ካቡን ስሻገር ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ኣያ ተክላይም ወጣ።

ኣደይ ለተኪዳን መጀመሪያ ያደረጉት በጥፊ መምታት ነው። ጉንጬን መቱኝ። ከዚያ አቅፈውኝ አለቀሱ። ባለፈው ዓመት በሬያቸው እዚያ ሣር ውስጥ መሞቱን፣ በሬውን ሊመልስ የገባው የእህታቸው ልጅ አንድ እግሩን ማጣቱን ነገሩን። ከዚያ ድንጋዩን እየደበደቡ ጠየቁኝ።

"ይህን ማን የካበው መሰለሽ? አንድ በአንድ በጀርባዬ ነው ያመጣሁት። ሰው እንዳይገባ ብዬ። አንቺ ብስክሌት አንሥተሽ ተሻገርሽው።"

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን አልለቀቁም፤ እስከ ቤታቸው እንደያዙኝ ወረድን።

በማግስቱ መቀሌ ገባን፤ እኔም ቀጥታ ወደ ክፍሎም ቢሮ ሄድኩ። ሲሰማ ደነገጠ፤ ከልቡ ነው የደነገጠው፤ ውሃ ሲቀዳልኝ ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያለውን ሁሉ በዚያ ሥራ ላይ ያዋለ፣ ከተማዋ እንደገና እንግዳ እንድትቀበል የሚፈልግ ሰው ነው። ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ ግን መስመሩን ወደ ታችኛው መንገድ አዙሪውና ነገሩ እዚህ ይቅር አለኝ። ለምን እንደተቀየረ እንዳልጽፍ፣ እንግዶቹ ከሰሙ እንደሚቀሩ፣ እነሱ ከቀሩ ሌሎችም እንደማይመጡ ነገረኝ።

"ያ መስመር ፎቶው ላይ እስካለ ድረስ አንድ ሌላ ሰው ያገኘዋል" አልኩት። "እኔ እንዳገኘሁት፣ ያምራልና። ምክንያቱ ካልተጻፈ ደግሞ ይሄድበታል።"

"እንግዶቼ አይሄዱበትም። የእኔ ኃላፊነት እነሱ ናቸው።"

"የእኔ ግን እኔ የሣልኩት ነው።"

ከጻፍኩ ካርታዬን እንደማይጠቀም፣ ሌላ ሰው እንደሚያሠራ ነገረኝ። አሠራ አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ግን ስወጣ በሩን አልዘጋሁትም፤ ሌሎቹ ሠራተኞች የመጨረሻውን ቃል እንዲሰሙ ፈልጌ ነበር።

በዚያው ቀን ብስክሌት ነጂዎች ሁሉ በነፃ በሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ካርታ ላይ ያን አናት በቀይ አጠርኩት። በትግርኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ "ያልፈነዳ ፈንጂ አለ፣ መስመሩን ስቼ የሣልኩት እኔ ነኝ" ብዬ ስሜን ጻፍኩበት። ፈንጂ የሚያመክኑት ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ሰው የለም ተባልኩ፤ ሦስተኛ ጊዜ አንድ ሰው እስኪመጣ ድረስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ከወራት በኋላ ሄደው ቀይ ምልክት ተከሉ፤ ማጽዳቱ ገና አላለቀም። ክፍሎም ሥራውን ለሌላ ሰጠ። እንግዶቹ መጡ፤ በታችኛው መንገድ አለፉ። ከክፍሎም ጋር እስከ ዛሬ በሰላምታ ብቻ እንተላለፋለን።

ቤታችን ውስጥ ግን የሆነው ሌላ ነው። እናቴ ሁሉንም ከሰማች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው ብስክሌቱ የት እንዳለ ነው። እዚያው አናት ላይ መቅረቱን ስነግራት "አልሐምዱሊላህ" አለች። ከዚህ በኋላ እንዳበቃ፣ አላህ በግልጽ እንደተናገረኝ ገለጸችልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ኣያ ተክላይ አዲስ የሠራልኝን ብስክሌት ይዤ ስገባ፣ እናቴ አፏን ሳትከፍት አባቴ ቀደማትና ወዴት ልሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማይ ዛግራ አልኩት። ለኣደይ ለተኪዳን ብሎ አንድ ሙሉ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ብሎኛል። እንዲህ ባለ አገር ብስክሌት ምን ያደርጋል? አርፈሽ ለምን አትቀመጪም? ለዚህ መልስ አለኝ። ያ ብረት እዚያ የተተወው ሰው እንዳይሄድ ነው። እኔ ቤቴ ከተቀመጥኩ፣ ወፍጮ የሚሄዱት ሴቶች ቤታቸው ከተቀመጡ፣ ገበሬው በሬውን ይዞ ከቆመ፣ የተወው ሰው ያሰበው ደረሰ ማለት ነው። እምቢ። በዚህ ነገር አባቴን ነኝ፤ ከዚያ በላይ አላብራራም።

እምቢታዬ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ያን ቀን ጠዋት የነበረኝ መጠየቅን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር እምቢታ ነበር። ሁለት ሴቶች እግሬን ሊያተርፉልኝ ሲሞክሩ ፈገግ ብዬባቸው አለፍኩ። አሁን ከኣያ ተክላይ ጋር መስመር የምንሠራው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ መንደሩ ውስጥ እንቀመጣለን። ማን በየት እንደሚሄድ፣ ማን በየት መሄድ እንዳቆመ፣ ለምን እንዳቆመ እንጠይቃለን። የሚነግሩን አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ እንጨት ፍለጋና ወፍጮ ስለሚሄዱ የእያንዳንዷን ጠመዝማዛ መንገድ ወሬ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተር የምከፍተው። እያንዳንዱ መስመር ጎን ላይ የነገረኝን ሰው ስም እጽፋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባት መስመር ሠርተናል። እንደ መጀመሪያው አጭር አይደሉም፤ ይዞራሉ፣ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ግን ሰው ሄዶባቸዋል።

እሁድ እሁድ አብረውን የሚወጡ አሁን አሥራ አምስት ደርሰናል፤ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። ከዓይደር ሆስፒታል የምትመጣ ነርስ አለች፤ ባለፈው ሳምንት አቀበት ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጦ ነበር፤ ራሷ አሽጋ ቀጠለች። እናቴ አሁንም በር ላይ ትቆማለች። ክርክራችን አላለቀም፤ የሚያልቅም አይመስለኝም።

ይህን የምታነቡ፣ መቀሌ ከመጣችሁና ጠጠር የምትወዱ ከሆነ መንገዱ አለ። ስለማታውቁት ነገር ሰው ጠይቁ፤ ከነገራችሁም ስሙ። ካልመጣችሁም አላማችሁም። ነገ እሁድ ነው፤ እኔ ግን ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በዓይናለም በኩል ባለው የከተማው መውጫ ላይ ነኝ።